ደሞዛችንን የሚበላው የቆምንበት ሰዓት ነው

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ሲዲኤሉን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን) ካወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁለት ሥራ ቀርቦለታል። የትኛውን እንደሚይዝ ለመወሰን የያዘው ማስረጃ ይሄው ጽሑፍ ነበር።

ጽሑፉ ለእኛው ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ትራክ ለሚነዳና ሊነዳ ለሚያስብ ሐበሻ የተጻፈ ነው። ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ65 ማይል እንዳያልፍ የታሰረ ትራክ የሚሰጥ ካምፓኒ ጋ አትግቡ፤ በዓመት 20 ሺህ ዶላር ያሳጣችኋል። ሥራ ስትመርጡ በማይል ስንት ሳንቲም እንደሚከፍሉ ብቻ እዩ። ሎካል ሥራ (በአካባቢ ነድቶ ቤት የሚገባበት) ለደከመው ሰው ነው። ስድስት ወር ስትሞሉ በሊዝ (ለካምፓኒው በየሳምንቱ እየከፈላችሁ) ትራክ ውሰዱና የራሳችሁ አለቃ ሁኑ። ካምፓኒው ካልተመቻችሁ በየሦስት ወሩ ቀይሩ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ሰው ይጠቀም ብሎ እንደጻፈው አልጠራጠርም። የተናገረው ብሶት የብዙዎቻችን ብሶት ነው። ምክሩን ግን አዲስ ሹፌር ቢከተለው ይጎዳል ብዬ ስለማምን ነጥብ በነጥብ ልመልስለት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍጥነቱ ልጀምር፤ ልጁን በጣም ያጓጓውም እሱ ነው። የወንድማችን ስሌት እንዲህ ይሄዳል። በ65 እና በ75 በሚሄድ ትራክ መካከል በሰዓት የ10 ማይል ልዩነት አለ። በቀን 11 ሰዓት ሲነዳ 110 ማይል ይሆናል። በማይል በሚከፈለው 62 ሳንቲም ሲባዛ በቀን 68 ዶላር ከ20 ሳንቲም። በዓመት 300 ቀን ሲነዳ 20,460 ዶላር። ማባዛቱ ትክክል ነው። ሥራው ግን እንደዚያ አይሄድም።

አንደኛ፣ በየቀኑ 11 ሰዓት መንዳት አይቻልም። ሕጉ በአንድ ፈረቃ 11 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ያውም ሥራ ከጀመርንበት ደቂቃ አንስቶ በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ። ግን በ8 ቀን ውስጥ የሥራ ሰዓታችን 70 ከሞላ በኋላ መንዳት ክልክል ነው። 70ን ለ8 ብናካፍለው በቀን 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል። እሱም መሪ የተያዘበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ጠዋት ትራኩን መፈተሽ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ መጋዘን በር ላይ ወረቀት ይዞ መቆም ሁሉ ከዚያው ይቀነሳል። እርግጥ 34 ሰዓት በተከታታይ ያረፈ ሰው ቆጠራውን እንደ አዲስ መጀመር ይችላል። ያን 34 ሰዓት ግን የሚከፍል የለም። ብዙ ጊዜም የሚያልፈው ከቤት ርቆ፣ ትራክ ስቶፕ (የትራክ ማረፊያ ጣቢያ) ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገድ እንደ ስሌት ዝርግ አይደለም። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ነው። ወደ ዳላስ የምወርደው በ287 መንገድ ነው። ላይመን ላይ ተገንጥዬ ኪት ካርሰን፣ ኢድስ፣ ላማር፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ቦይዝ ሲቲ፣ ስትራትፎርድ፣ ዱማስ እያልኩ አማሪሎ እገባለሁ። ያን መንገድ የነዳ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ብዙው ክፍል አንድ መሄጃ አንድ መመለሻ ነው። ከፊት የእርሻ መኪና ከገባ ተከትሎ መሄድ ነው። በየከተማው ፍጥነት ይወርዳል፣ መብራት ይይዛል። ይህን መንገድ በ65 የታሰረ ትራክም፣ ያልታሰረ ትራክም ነድቼበታለሁ። የሁለቱን ጉዞ ሎግ (የሰዓት መዝገብ) አስተያይቻለሁ። ከኦሮራ አማሪሎ ድረስ ያተረፍኩት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ያቺን ግማሽ ሰዓትም አማሪሎ ላይ ማቆሚያ ስፈልግ ጨረስኳት።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር ቀጠሮ ነው። አብዛኛው ሎድ (ጭነት) የሚራገፍበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ተቆርጦ ነው የሚሰጠን። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት የተቀጠረ ሎድ ረቡዕ ማታ ብትደርስ ዘበኛው ከበር ይመልስሃል። በ75 በርሮ የደረሰውና በ65 ተረጋግቶ የደረሰው ጠዋት እዚያው በር ላይ ይገናኛሉ። ለሁለቱም የሚከፈላቸው ያው ማይል ነው።

ካሊፎርኒያን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳትም። እዚያ ተሳቢ ለሚጎትት ትራክ የተፈቀደው 55 ነው። ትንንሾቹ መኪኖች በ75 ሲያልፉህ አንተም ሳታስበው 70 ትገባለህ። ልብ በሉ፤ 55 በሆነበት 70 መንዳት ከተፈቀደው 15 ማይል ማለፍ ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ማለፍ ደግሞ ለሲዲኤል ባለቤት በፌዴራል ሕግ ከባድ ጥፋት ተብሎ ይመዘገባል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት እንዲህ ያለ ጥፋት ከተገኘብህ 60 ቀን መንዳት ትከለከላለህ። ሦስት ከሆነ 120 ቀን። የ60 ቀን ገቢ ማጣት ስንት ዓመት በ75 ተነድቶ እንደሚመለስ እያንዳንዱ ያስላው።

ለእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከሰኔ 2025 ወዲህ ፖሊስ ወይም ኢንስፔክተር ሲያስቆመን በእንግሊዝኛ መነጋገርና ምልክት ማንበብ ካልቻልን እዚያው ከሥራ ውጪ ያደርገናል። ሕጉ ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን ቅጣቱ ጠንክሯል። ብዙ ጥንቁቅና ጨዋ ሹፌሮች አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛቸው ሲደነግጡ የሚጠፋባቸው። ለነሱ በፍጥነት ምክንያት መቆም የቲኬት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ትራኩ በረሃ ላይ ቆሞ፣ ሎዱ ለሌላ ሹፌር ተሰጥቶ፣ እነሱ ደግሞ ወደ ቤት መመለሻ ፍለጋ ስልክ ሲደውሉ ማለት ነው።

ነዳጁንም እናንሳ። ከ65 በላይ በተጨመረ ቁጥር የነዳጅ ፍጆታ ይጨምራል። 65 ላይ በጋሎን 7 ማይል የሚሄድ ትራክ 75 ላይ ወደ 6 ቢወርድ አይገርምም። በ600 ማይል ጉዞ ላይ የ14 ጋሎን ልዩነት ነው። ዲዝል 4 ዶላር ከሆነ 56 ዶላር። የካምፓኒ ሹፌር ከሆንክ ይሄ ከካምፓኒው ኪስ ይወጣል፤ ትራኩን ያሰሩትም ለዚህ ነው። ሊዝ ከወሰድክ ግን የአንተ ነው። ወንድማችን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ፍጠኑም ሊዝ ውሰዱም ብሏል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሹፌር ያተረፈውን ማይል ፓምፑ ጋ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በ62 ወይም በ65 የታሰረ ትራክ የሚያናድድበት ጊዜ አለ። ቴክሳስ ውስጥ 75 እና 80 በተፈቀደበት መንገድ ከኋላ የሚመጣው መኪና በጣም ስለሚፈጥን መስታወት ማየት ያስጨንቃል። ፍጥነቱ ከኔ በግማሽ ማይል የሚያንስ ትራክ ለማለፍ ስሞክር ከኋላዬ ሰልፍ ሠርቼ አውቃለሁ። ቤቴ ለመድረስ 20 ማይል ሲቀረኝ 11 ሰዓቴ አልቆብኝ ትራክ ስቶፕ ያደርኩበት ሌሊትም አለ። ካምፓኒዎች 68 ወይም 70 ላይ ቢያስሩት እኔም ደስ ይለኛል። ወንድማችን ይህን ብቻ ቢል ኖሮ እስማማ ነበር።

ግን ሙሉ ጭነት የያዘ ትራክ 80 ሺህ ፓውንድ ነው። በ65 እየሄደ፣ በደረቅ መንገድ፣ ፍሬኑ ደህና ሆኖ ለመቆም ወደ 525 ጫማ ይፈልጋል። 160 ሜትር ማለት ነው። በ75 ሲሆን የሚሸከመው ኃይል በሲሶ ይጨምራል። ፍጥነት በ10 ማይል ጨመረ እንላለን እንጂ፣ ፊት ለፊት ያለውን መኪና የሚመታው ኃይል በሲሶ ጨመረ አንልም።

እዚህ ዴንቨር ያለን ሰዎች ሚያዝያ 2019ን አንረሳም። የ23 ዓመት ወጣት፣ እንደኛው ስደተኛ፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና ከተራራው ሲወርድ ፍሬኑ አልያዝ አለው። ከቁጥጥር ለወጣ ትራክ የተሠራውን ማምለጫ መንገድ አለፈው። ሌክዉድ ላይ ቆሞ የነበረ ትራፊክ ውስጥ በ85 ማይል ገደማ ገባ። አራት ሰው ሞተ። ፍርድ ቤት 110 ዓመት ፈረደበት፤ በኋላ የክፍለ ግዛቱ ገዢ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። አንድ ነገር ለአዲስ ሹፌር ላስረዳ። የፍጥነት ማሰሪያ ሞተሩን እንጂ ቁልቁለቱን አያስርም። ትራክህ በ65 የታሰረ ቢሆንም ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ይዞህ 90 ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ትራኩ ስንት ይሄዳል የሚለውን ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ተራራ ከመላኬ በፊት ማን ያሠለጥነኛል? ይሄ ጥያቄ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ወደ ሳንቲሙ ልሂድ። ወንድማችን በማይል የሚከፈለውን ብቻ እዩ ይላል። እኔ ደግሞ ሳይከፈለን የሚያልፈውን ሰዓት እዩ እላለሁ። ትልቁ ያለመስማማታችን እዚህ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የትንሣኤ ዋዜማ ላይ የቀዘቀዘ ሥጋ ጭኜ አንድ መጋዘን ገባሁ። ቀጠሮዬ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ቢያራግፉኝ ለሌሊቱ ቅዳሴ እደርሳለሁ ብዬ ነጭ ልብሴን እንኳ ትራኩ ውስጥ ሰቅዬ ነበር። በር የሰጡኝ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አራግፈው የጨረሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት። 14 ሰዓቴ አልቋል። ጊቢያቸው ውስጥ ማደር አይፈቀድም ተብዬ ወጣሁ። ሁለት ማይል ርቆ የነበረ የመንገድ ዳር ላይ ቆሜ በስልክ ቅዳሴ አዳመጥኩ። ለዚያ ሁሉ ሰዓት የተከፈለኝ፣ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ተቀንሶ፣ በሰዓት 15 ዶላር ነበር። ያውም ሁለት ሳምንት ደውዬ ተከራክሬ። በዚያ ሳምንት በማይል 60 ሳንቲም ነበር የሚከፈለኝ። 60 ሳንቲሙ በዚያ መጋዘን በር ላይ ምንም አልሠራልኝም።

ይሄ የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። የፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የቁጥጥር ክፍል በ2018 ባወጣው ሪፖርት ሹፌሮች በመጫኛና ማራገፊያ ከሚገባው በላይ እየቆሙ በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያጡ ገምቷል። ከዚያው ሪፖርት አንድ ሌላ ቁጥር በጣም አሳስቦኛል። በመጋዘን የሚቆዩበት አማካይ ጊዜ በ15 ደቂቃ ሲጨምር የአደጋው መጠን በ6.2 በመቶ ይጨምራል። ምክንያቱ ለማንኛውም ሹፌር ግልጽ ነው። ቆሞ የዋለ ሰው ሲለቀቅ ይጣደፋል። ደክሞታል፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው፣ ያልተከፈለውን ማካካስ ይፈልጋል።

ይሄን ሳስብ አባቴ ትዝ ይለኛል። ከአሰብ አዲስ አበባ በፊያት ኤን ትሬ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። ደሞዙ በወር ነው፤ ለጉዞው ደግሞ አበል አለው። ቢዘገይም ቢፈጥንም ያቺው ናት። ሚሌ ላይ ምሳውን ረጋ ብሎ ይበላል፣ ጎማውን ያያል፣ ይሄዳል። በኋላ አይሱዙ መጣ። ጫትና አትክልት ሳይበላሽ ቀድሞ እንዲደርስ ይጣደፋሉ፤ ሹፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ነው። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰየመው። ሹፌሮቹ ከኤን ትሬ ሹፌሮች የባሱ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም። ነዳጁን የሚያስረግጣቸው የክፍያው ዓይነት ነው። እዚህም ያው ነው። በማይል ሲከፈለን የቆምንበት ሰዓት ኪሳራ ሁሉ በኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያን ኪሳራ በእግራችን ልናካክሰው እንሞክራለን።

ማይሉ ራሱ የማን ማይል እንደሆነም ይጠየቅ። ብዙ ካምፓኒ የሚከፍለው ከተማ ከከተማ በተለካ ርቀት ነው፤ ኦዶሜትርህ የቆጠረውን አይደለም። እኔ 1,100 ማይል ነድቼ 1,020 የተከፈለኝ ጊዜ አለ። 62 ሳንቲም ተብሎ የተነገረኝ እውነተኛው 57 ሳንቲም ተኩል ነበር ማለት ነው። 58 ሳንቲም በኦዶሜትር የሚከፍል ካምፓኒ ከዚያ ይሻለኛል።

ሎካል ሥራ ለደከመው ነው የተባለው ከሁሉም ይልቅ ያሳዘነኝ ነው። ሬስቶራንት የምግብ ዕቃ የሚያከፋፍል ሹፌር አይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም። ሌሊት 9 ሰዓት ይነሳል። በቀን 15 ቦታ ያቆማል፤ እያንዳንዱን ካርቶን በእጁ በራምፕ ያወርዳል። ነዳጅ የሚያመላልሰው የሃዝማት (የአደገኛ ጭነት) እና የታንከር ፈተና አልፎ ነው የሚነዳው። የኮንቴይነር ሥራም አለ፣ የሲሚንቶ ሚክሰርም አለ፣ በሌሊት ከተርሚናል ተርሚናል ደርሶ የሚመለስም አለ። ደካማ ሰው የሚሠራው አንድም አላየሁም።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ በቁጥር ላሳይ። አንደኛው ካምፓኒ 62 ሳንቲም፣ ያልታሰረ ትራክ፣ ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ፣ በሳምንት በአማካይ 2,500 ማይል ይለዋል። 1,550 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው ሎካል ነው። በሰዓት 28 ዶላር፣ በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ፣ ትራኩ በ65 የታሰረ። 1,400 ዶላር።

150 ዶላር ልዩነት ስላየ ልቡ ወደ መጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ ከ40 ሰዓት በኋላ አንድ ተኩል ይከፍላሉ ወይ ብለህ ጠይቅ አልኩት። ይሄ በራሱ የሚመጣ መብት አይደለም። ክፍለ ግዛት አቋርጦ ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር በ1938 ከወጣው የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ የኦቨርታይም ክፍያ ውጪ ነው። አንዳንድ ሎካል ካምፓኒ ግን በፈቃዱ ወይም በማኅበር ስምምነት ይከፍላል። ከከፈሉ 40 ሰዓቱ 1,120፣ አሥሩ ሰዓት በ42 ዶላር 420፣ ድምሩ 1,540 ዶላር ነው። ልዩነቱ አሥር ዶላር ቀረ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይበላል። ትራክ ስቶፕ ውስጥ በቀን 40 ዶላር ሳያወጣ የሚውል ብርቱ ሰው ነው። ሻወር፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቆሚያ የሚያስከፍሉበት ቦታ ሲጨመር አሥር ዶላሩ ከየት ይገኛል? ሰዓቱን ካየነው ደግሞ 1,550 ዶላሩ የሰባት ቀንና የሰባት ሌሊት ዋጋ ነው። 70 የሥራ ሰዓት ብቻ ብንቆጥርለት እንኳ በሰዓት 22 ዶላር ከ14 ሳንቲም ነው።

ይሄን ስል ረጅም መንገድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቤተሰብ የሌለው፣ የቤት ኪራይ ያልያዘ፣ ዕዳ መክፈል የፈለገ ወጣት አንድ ሁለት ዓመት ወጥቶ ቢሠራ ይጠቅመዋል። ሁለቱ ዓመት የመድን ካምፓኒዎች የሚፈልጉት ልምድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ በር ይከፈታል። ጓደኞቼ ባልና ሚስት በቲም (አንድ ትራክ እየተፈራረቁ) እየነዱ የቤት ቅድመ ክፍያ በዚህ አጠራቅመዋል። መንገዱን ራሱ የሚወዱም አሉ። የዋዮሚንግን ጠዋት ያየ ሰው ይገባዋል።

ሊዙ ላይ ግን ልለሳለስ አልችልም። ስድስት ወር የነዳ ልጅ ሊዝ ውሰድ መባል የለበትም። አንድ ወዳጄ እንዲህ ገባበት። ያለ ቅድመ ክፍያ፣ ያለ ክሬዲት ምርመራ ትራክ ሰጡት። ፎቶ ተነስቶ ለእናቱ ላከ። በየሳምንቱ ከገቢው የትራኩ ክፍያ ይቆረጣል። መድን ይቆረጣል። ነዳጅ፣ የጥገና መጠባበቂያ፣ የተሳቢ ኪራይ፣ የኢኤልዲ (የሰዓት መመዝገቢያ) መሣሪያ ኪራይ ሳይቀር ይቆረጣል። ሎድ የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። ሎድ ሲቀዛቀዝ ክፍያው አይቀዛቀዝም። አንድ ሳምንት ሙሉ ነድቶ የሂሳብ ወረቀቱ ሲመጣ ከታች የተጻፈው ቁጥር የመቀነስ ምልክት ነበረው። 112 ዶላር ዕዳ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ከፍሎ ትራንስሚሽኑ ሲሞት ትራኩን አስረክቦ ወጣ። የጥገና መጠባበቂያው እንኳ አልተመለሰለትም።

በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት ይህንኑ ጉዳይ የሚያጠና የፌዴራል ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ነበር። ጥር 2025 ላይ ለኮንግረስ ያቀረበው ምክር አሠራሩ እንዲስተካከል ሳይሆን ካምፓኒ ለሹፌር ትራክ በሊዝ እየሸጠ የሚያሠራበት አሠራር ጨርሶ እንዲታገድ ነው። ሹፌሩ ባለቤት የሚሆንበት ዕድል በጣም ትንሽ ሆኖ አግኝተውታል።

የራስ ትራክ መያዝ ሕልም እንደሆነ አውቃለሁ። የኔም ሕልም ነበር፤ አሁን አለኝ። በዕቁብና በአምስት ዓመት ቁጠባ ነው የገዛሁት። ከመግዛቴ በፊት ግን የአንድ ማይል ወጪዬን ማወቅ ነበረብኝ። ኤትሪ የሚባለው የኢንዱስትሪው የጥናት ተቋም የ2024ን ወጪ ሲያሰላ አንድ ማይል የሹፌሩን ደሞዝ ጨምሮ በአማካይ 2 ዶላር ከ26 ሳንቲም ያስወጣል ብሏል። ብሮከር (የጭነት ደላላ) በማይል 2 ዶላር ሲያቀርብ ከምን ላይ እንደምትቀንስ አስብ። ሌላው ቢቀር ከራስህ ደሞዝ ነው። በራስህ ስም ስትሠራ 15.3 በመቶ የራስ ሠራተኛ ታክስም አለ። ከገቢ ግብሩ ላይ ተጨምሮ ማለት ነው። ከካምፓኒ ጋር በፐርሰንት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው ለሎዱ የከፈለበትን ደረሰኝ ግልባጭ የማየት መብት በፌዴራል ደንብ ተጽፎልሃል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ የተነገራቸውን ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። ጠይቁ። በጽሑፍ ጠይቁ።

በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። አዲሱ ካምፓኒ ባለፉት ሦስት ዓመታት የነዳህባቸውን ካምፓኒዎች ማጣራት አለበት። ማመልከቻው ላይ ደግሞ የአሥር ዓመት የሹፌርነት ታሪክ ይሞላል። ፋይልህ ላይ በዓመት አራት ካምፓኒ ያየ ቀጣሪ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ «ለምን?» ብሎ እንኳ አይጠይቅህም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስትወጣ ትራኩን ከአንድ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላ የማድረስ ወጪ፣ የሥልጠና ዕዳ የሚባል ነገር ይከተልሃል። ለደህንነትህ የማይጠነቀቅ፣ ሎግህን አስተካክል የሚልህ፣ ፍሬኑ የተበላሸ ትራክ ውሰድ የሚልህ ካምፓኒ ከሆነ በሦስተኛው ቀንም ውጣ። ሦስት ሳንቲም ለጨመረልህ ብለህ ግን አትውጣ።

ወንድማችን ልክ ያለበትንም ልመስክር። ሹፌር ይናቃል ብሏል፤ ይናቃል። መጋዘን ውስጥ ሽንት ቤት የሚከለከልበት አገር ነው። ደሞዙ ከድካሙ አይመጣጠንም ብሏል፤ እውነት ነው። የመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2024 የከባድ ትራክ ሹፌሮችን ደሞዝ የመሃል መስመር በዓመት 57,440 ዶላር ላይ አስቀምጦታል፤ ግማሹ ሹፌር ከዚያ በታች ነው የሚያገኘው። ቁጣው ቁጣዬ ነው። የቁጣችን አድራሻ ግን ትራኩ ላይ የተገጠመው ማሰሪያ ሳይሆን፣ ስድስት ሰዓት በነፃ የሚያቆመን በር ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬዋለሁ። የትኛውን ያዝ አላልኩትም፤ ኑሮው የራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ለሁለቱም ካምፓኒ ደውሎ የሚጠይቃቸውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ልኬለታለሁ። ማይሉ በኦዶሜትር ነው ወይስ በካርታ? ቆሜ ስውል ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ፣ ስንት ትከፍሉኛላችሁ? ከ40 ሰዓት በኋላ ክፍያው ይለወጣል? ባለፉት አራት ሳምንታት የአዲስ ሹፌራችሁ የሂሳብ ወረቀት ላይ ስሙ ተሸፍኖ ማየት እችላለሁ? ተራራ ከመላኬ በፊት አብሮኝ የሚወጣ አሠልጣኝ አለ?

ረቡዕ ደወለልኝ። ባለ 28 ዶላሩ ካምፓኒ አራቱን መልሶ የሂሳብ ወረቀቱን አናሳይም ብሏል። ባለ 62 ሳንቲሙ ደግሞ ትራኩ 78 እንደሚሄድ ሁለቴ ነግሮት፣ ስለ ቆሞ መዋል ሲጠይቀው «እሱን ኦሬንቴሽን ላይ እናወራለን» አለው። ልጁ አሁንም እያሰበ ነው።